ሰማያዊዎቹ የጠፉበት ኩሬ

ሽሪምፕ ስለካ ነው ያረጀሁት። እንዲህ ስል ቆቦ ገበያ የሚውሉት ሴቶች ይስቃሉ፤ ጎረቤቴም «ከድጃ ደግሞ ቀልድ ትወዳለች» ትለኛለች። ቀልድ አይደለም። ደመወዝ የበላሁትም፣ ልጆቼን ያሳደግሁትም፣ ጡረታ የወጣሁትም በዚሁ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሽሪምፖቹ ኩሬ የነበረበት ቦታ ዛሬ ሽንኩርት ተተክሎበታል። በቀደም በባጃጅ ሳልፍ ልጃገረዶች ጎንበስ ብለው ሲኮተኩቱ አየሁ። ከእግራቸው ሥር ምን እንደነበረ የሚያውቅ ከመካከላቸው ያለ አልመሰለኝም።

ሥራ የጀመርኩት ሐይቅ ነው። የዓሣ ቴክኒሻን ተብዬ ተመደብኩና ከአጥማጆቹ ጀልባ ላይ ዓሣ እየተቀበልኩ መለካትና መመዘን ያዝኩ። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ከመኪና የማይወርድ ሰው ነበር። ሐይቁ ዳር መጥቶ ይቆምና መስተዋቱን ዝቅ አድርጎ «ስንት ሆነ?» ይላል፤ የነገሩትን ይሰማና መስተዋቱን መልሶ ይዘጋል። ቁጥሩ ልክ ይሁን አይሁን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ወጣት ነበርኩና ሥራው ይኸው ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ወደ ቆቦ ስዛወር «በረሃ ነው፣ ወባው ይጨርስሻል» ያሉኝ ነበሩ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ የእናቴ አገር ሮቢት ነው፣ ሙቀቱን አውቀዋለሁ። አዲሱ ሥራ ሙከራ ነበር። ከጥልቅ ጉድጓድ በሚሳብ ውሃ ኩሬ ተሞልቶ፣ ጨው በሌለው ውሃ የሚያድገው ትልቁ ሽሪምፕ ለሆቴሎች ይርባል ተብሎ ታሰበ። ጫጩቶቹ ከባሕር ማዶ ውሃና አየር በተሞላ ፕላስቲክ ከረጢት መጡ። ከረጢቱን ፀሐይ ላይ አንሥቼ ሳየው ውሃ ብቻ መሰለኝ። ቀጥሎ ጥቁር ነጠብጣቦች ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲንቀሳቀሱ አየሁ። ገላቸው እንደ መስተዋት ስለሚያሳልፍ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። ዓይን ብቻውን ሲዋኝ ማየት ደስ አይልም። ከረጢቱን ቶሎ መልሼ አስቀመጥኩት።

«አይዞሽ፤ እነሱም አንቺን እንደዚሁ ነው የሚያዩሽ» አለኝ አንድ ድምፅ ከኋላዬ።

ጋሽ ኪሮስ ነበሩ። የሙከራ ጣቢያው አዋቂ እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚቆጥቡ የሚመስሉ ሰው። ቤተሰባቸው ከማይጨው በኩል መጥቶ ቆቦ ከከተመ ቆይቷል፤ አማርኛውንም ትግርኛውንም አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ይናገራሉ። በልጅነታቸው ድቁና ተምረዋል፣ ጾም አይገድፉም። ያንን ሁሉ ዘመን ሽሪምፕ ሲያሳድጉ አንድ እንኳ ቀምሰው አያውቁም፤ ሃይማኖታቸው አይፈቅድም። እኛም ሙስሊሞቹ ብንሆን ጊንጥ የመሰለ ነገር ወደ አፋችን አናቀርብም። አገሬው «የውሃ ጊንጥ» አላቸው፤ ቦታውንም «የጊንጡ ኩሬ»። ሌባ የማይገባበት ጣቢያ ነበር።

ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከጋሽ ኪሮስ ነው። እጃቸውን በአመድ እንጂ በሳሙና አይታጠቡም፤ ሳሙና ውሃውን ይመርዛል። ሲለኩ ቁጥሩን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ ሌላው ሰው ሰምቶ እንዲያርማቸው። ዝም ብሎ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል ይላሉ። የሽሪምፕ ርዝመት የሚለካው ከዓይኑ ጉድጓድ አንሥቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ ነው። ከፊቱ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ሹል አፍንጫ አለው፤ እሱ ግን በጠብ ስለሚሰበር አይታመንም። መጀመሪያ ሰሞን ከአፍንጫው ጀምሬ ስለካ ከኩሬው ወዲያ ማዶ ሆነው ይጮሁብኝ ነበር። እንዴት እንደሚያዩኝ እንጃ።

ሽሪምፕ የሚያድገው ቅርፊቱን እየጣለ ነው። ጠዋት ወደ ዳር ስንሄድ ባዶ ቅርፊት እናገኛለን፤ ጢሙ፣ እግሩ፣ የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር ሙሉ ነው፣ ባለቤቱ ብቻ የለበትም። ያን ጊዜ ገላው እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ጓደኞቹ ካገኙት ይበሉታል። ጋሽ ኪሮስ «አራሶች» ይሏቸዋል። በመረብ ከወጣው መካከል አራስ ሲያገኙ ለብቻው በደንገል ቅርጫት አድርገው፣ ጥላ ባለበት ጥግ ውሃ ውስጥ ያንጠለጥሉታል፤ እስኪጠነክር እዚያ ይቆያል። የቅርጫቱን ክዳን በራሳቸው ቋጠሮ ያስሩታል፤ እኔ ለመፍታት ሁልጊዜ ጥርሴን እጠቀም ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለሱ የሚመጣው ነገር አይገባችሁምና። ወንዱ ሽሪምፕ ሦስት ዓይነት ነው። መቆንጠጫው ረጅምና ሰማያዊ የሆነው የኩሬው ጌታ ነው። ቀጥሎ መቆንጠጫው ብርቱካናማ የሆነ አለ። በመጨረሻ ትንሹና መቆንጠጫው አጭር የሆነው። ሰማያዊው እስካለ ድረስ ትንሹ አያድግም። ምግብ አጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው፤ ዕድገቱን ራሱ ይዞ ይቆያል። ሰማያዊው ከኩሬው የተወሰደ ዕለት ግን ብርቱካናማው ቅርፊቱን ጥሎ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ትንሹም ብርቱካናማ ለመሆን ይነሣል። ስለዚህ ጋሽ ኪሮስ በየጊዜው ሰማያዊዎቹን ብቻ እየመረጡ ያወጡ ነበር። ለቀማ እንለዋለን። የተለቀመ ኩሬ በመረብ ሲታይ ወዲያው ይታወቃል፤ ጌቶቹ የሉም፣ ተከታዮቹ እኩል እኩል ናቸው።

ሴቶቹ እንቁላል ይታቀፋሉ፣ ጫጩትም ይፈለፈላል። ግን ጫጩቱ የመጀመሪያ ዕድሜውን ጨው የነካው ውሃ ይፈልጋል፤ በእኛ ኩሬ ወዲያው ያልቃል። ስለዚህ ከውጭ ካልተጨመረ በቀር ቁጥራቸው ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ጋሽ ኪሮስ አንድ ቀን ውሃውን እያዩ «ወላድ ሞልቶ ልጅ የሌለበት መንደር» አሉ። ከዚያ ወዲህ ኩሬውን ብቻዬን ማየት ይከብደኝ ጀመር። በተለይ ሲመሽ፣ ባትሪ ሲበራባቸው ዓይናቸው እንደ ፍም ይቀላል፤ ውሃው ሁሉ እያየኝ ያለ ይመስላል።

የወደቅንበትን ቀን ሳልናገር አላልፍም። ከላይ አዲስ ኃላፊ ተሾመልንና እንግዳ ስለሚመጣ ኩሬው በሽሪምፕ እንዲሞላ አዘዘ። ጋሽ ኪሮስ «ከበዙ አየር ያጥራቸዋል» ብለው ተከራከሩ፣ አልተሰሙም። ጫጩቱ መጣ፣ ተጨመረ፣ አደገ። ክረምቱ ገባና ሰማዩ ለቀናት ተዘጋ፤ ነፋስም ጠፋ። በዚህ ላይ መብራት ሄዶ ፓምፑ ቆመ።

ጎህ ሲቀድ ስደርስ ሰው ኩሬውን ዙሪያውን ድንጋይ የደረደረበት መሰለኝ። ቀረብ ስል ሽሪምፕ ናቸው። ሁሉም ከጥልቁ ወጥተው ዳር ዳሩን ተሰልፈው፣ ጭንቅላታቸውን ከውሃው በላይ አድርገው፣ ወደ የብስ ዞረዋል። ሣሩ ላይ የወጡም ነበሩ። ድምፅ የላቸውም፤ የሚሰማው እግራቸው ሣሩን ሲነካው የሚያወጣው ቀጭን ኮሽታ ብቻ ነው። አንድም ወደ ውሃው የሚመለስ የለም። ግመሎቹን ወደ ገበያ የሚነዳ አንድ አፋር መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየና «ከምን ነው የሚሸሹት?» ብሎ ጠየቀኝ። ወዲያውም ግመሎቹን ራቅ አድርጎ ነዳቸው።

ጋሽ ኪሮስ መጥተው እስከ ወገባቸው ገቡ፤ ውሃው አየር እንዲያገኝ በባልዲ እየቀዱ ከላይ ይደፉት ጀመር። እኔም ገባሁ። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ላይ የተገለበጡ ሆዶች ነጭ ሆነው ተንሳፈፉ። እኔ ክንዴ ዝሎ ስቆም እሳቸው አላቆሙም።

«በቃ ጋሽ ኪሮስ፣ አልቀዋል» አልኳቸው።

«ያለቁትን አይደለም የማየው» አሉ፤ ባልዲውንም አላስቀመጡም።

ጥቂት ተረፉ። ኃላፊው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፣ በወረቀቱም ላይ የተፈጥሮ አደጋ ተባለ። ጋሽ ኪሮስ ግን ከዚያ በኋላ ጠዋት ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ዳሩን ነው፤ የሽሪምፖቹ ፊት ወዴት እንደዞረ።

ጡረታ ከወጡ በኋላም መምጣታቸውን አልተዉም። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ የላቸውም፤ ዋጃ ያለች አንዲት እኅት ብቻ አለቻቸው፣ ወይዘሮ ምሕረት። ጠዋት ቤታቸውን ቆልፈው ይመጣሉ፣ ማታ ይመለሳሉ።

ጦርነቱ ወደ እኛ የመጣው በክረምት ነው። ሠራተኛው እንዲወጣ ተነገረና መኪናው መንገድ ላይ ሞተር ሳያጠፋ ቆመ። እየሮጥኩ ወደ ኩሬው ወረድኩ። ጋሽ ኪሮስ መኖ እየበተኑ ነበር።

«እንሂድ እንጂ! መኪናው እየጠበቀ ነው።»

«ሂጂ ልጄ። አንቺ ልጆች አሉሽ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ማን ምን ያደርገኛል? የሚመጣውንም ቋንቋ እናገራለሁ፤ የሚሄደውንም።»

መኪናው ውስጥ ሆኜ ይህን አባባላቸውን ሳስበው ነው የፈራሁት። በዚያን ጊዜ ሁለት ቋንቋ ማወቅ ከሁለቱም ወገን የሚያስጠይቅ ነበር።

ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስንንከራተት ከረምን። ስልክ የለም። አንድ ቀን ከቆቦ በእግሩ የወጣ ሰው አግኝቼ ስለ ጋሽ ኪሮስ ስጠይቀው አንገቱን ደፋ። ጋቢያቸው ደም ነክቶት መንገድ ዳር መገኘቱን፣ ቤታቸውም መቃጠሉን ነገረኝ። ወይዘሮ ምሕረት ጋቢውን ታቅፋ አልቅሳ፣ አስከሬን በሌለበት እርሟን አውጥታለች አለ። ጥቁር ለብሳለች። ኢናሊላሂ አልኩ። በሃይማኖት ባንገናኝም ለእሳቸው የምለው ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ስንመለስ ማሽላው ደርቆ ሳይታጨድ ቆሟል። የጣቢያው ጣሪያ የለም፣ ፓምፑ ተነቅሏል፣ የበሩ ማጠፊያ እንኳ ተወስዷል። ኩሬው ግን ክረምቱ ሞልቶት አረንጓዴ ሆኖ ተኝቷል። ከኩሬው ጋር የሚዋሰነው ማሽላ የሰይድ ነው፤ ከእኔ ጋር አብሮ ያረጀ ገበሬ ነው። ከወዲያ በኩል ያለውን ማሳውን አጭዶ ወደ ኩሬው ያለውን ትቶታል።

«ምነው ሰይድ፣ ይህን ለማን ተውከው?» አልኩት።

«እታለም፣ እዚያ አልገባም። ሰፍረውበታል።»

«ማን?»

«ስማቸውን አታስጠሪኝ። ሰው ሳይኖር ጭስ ይወጣል። ፉጨት ይሰማል። ውሻዬ እስከ ዳሩ ይሄድና ጅራቱን ሸጉጦ ይመለሳል፤ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።»

እኔ የፈለግሁት ከሽሪምፖቹ የተረፈ እንዳለ ማወቅ ብቻ ነበር። መኖ ሳያገኙ የከረሙ ሽሪምፖች ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ፤ እርስ በርስ ይበላላሉ፣ መጀመሪያ አራሶቹ፣ ቀጥሎ ትንንሾቹ ያልቃሉ፣ በመጨረሻ ጥቂት ግዙፍ ሰማያዊዎች ይቀራሉ። ከቤት ያመጣሁትን መረብ ወረወርኩና ሳብኩ። ከበደኝ። ዘረገፍኩት።

ብርቱካናማዎቹ እኩል እኩል ናቸው። ሴቶቹ ወፍረዋል። ትንንሾቹም አሉ። ሰማያዊ ግን አንድ የለም። ደግሜ ወረወርኩ፣ ከወዲያ ማዶም ዞሬ ወረወርኩ። የለም።

መረቡን ለቅቄ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። አውሬ መርጦ አይበላም፤ ወፍም አይመርጥም። የራበው ሰው ቢሆን ያገኘውን ያፍሳል። ይህ ኩሬ ተለቅሟል። ከቆቦ እስከ ጎብዬ ቢታሰስ ለቀማ የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ አንዷ እኔ፣ ሌላው እርማቸው የወጣላቸው።

ለማንም አልተናገርኩም። ከመረቡ ውስጥ ወደ ሰማያዊነት እየተለወጠ ያለ አንድ ብርቱካናማ መርጬ የጅራቱን ጫፍ በመቀስ ቆረጥኩና መለስኩት። ሽሪምፕ ስንቆጥር የምናደርገው ምልክት ነው፤ አይጎዳውም። ከቀናት በኋላ ተመልሼ መረቡን ብወረውር የለም። ዳር ዳሩን ስዞር፣ ማሽላው ከኩሬው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ በድንጋይ ተከቦ የነደደ ትንሽ እሳት አመድ አየሁ። አመዱ ለብ ያለ ነው። ከጎኑ ተጠብሶ ቀይ የሆነ ቅርፊት ተጥሏል። ጅራቱን አነሣሁት። እኔ የቆረጥኩት ነው።

ዞር ስል ደግሞ ጥላ ባለበት ጥግ ውሃው ላይ ገመድ አየሁ። ሳብኩት። ቅርጫት ወጣ። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት። ውስጡ ቅርፊታቸውን ገና የጣሉ፣ ለስላሳ፣ ጸጥ ያሉ ሽሪምፖች ተኝተዋል።

«ጋሽ ኪሮስ!» አልኩ። ድምፄ ወጥቶ ማሽላው ውስጥ ገባ። «እኔ ነኝ፣ ከድጃ ነኝ!» ነፋስ አልነበረም፤ አንድ ቦታ ላይ ግን አገዳው ተነቃነቀና ቆመ። ወደዚያው ገብቼ ፈለግሁ። አገዳው ከራሴ በላይ ነው፤ ወደ የትም ብዞር አንድ ነው። የተረገጠ ቅጠል፣ የተቆረጠ የማሽላ ራስ፣ ሌላ ምንም የለም። ጀርባዬን የሚያየኝ ሰው እንዳለ ግን ይሰማኝ ነበር። ስወጣ እየሮጥኩ ነው የወጣሁት፤ ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም። የማውቃቸው ሰው ናቸው እኮ!

ወደ ከተማ ስመለስ ሰይድ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከጎረቤቶቹ ጋር ተማክረዋል። «ነገ ማሽላው ላይ እሳት እንለቅበታለን፤ እሳት ሲነካቸው ይለቃሉ» አለኝ።

«ሰይድ፣ በአላህ፣ አታድርገው!»

«የኔ ማሽላ ነው እኮ እታለም። ልጆቼ በዚያ መንገድ ማለፍ ፈሩ።»

ውስጥ ሰው አለ ብዬ ብነግረው ወሬው ከተማ ይገባል፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ሄዶ ያስሳል። ከእሳቱና ከጥይቱ የቱ እንደሚሻል ማሰብ አቃተኝ። «ጠዋት አብረኸኝ ና። ሥራዬን ልጨርስ፣ ከዚያ ያሻህን አድርግ» ብዬ ለመንኩት። በግድ እሺ አለ።

ጠዋት ክብሪቱን በእጁ ይዞ መጣ። እኔ መረብ ወረወርኩ። ምን አስቤ እንደነበር ብትጠይቁኝ፣ ምንም አላሰብኩም። ጥቂት ላዘገየው ብዬ ነው። ዳር ላይ ተቀምጬ አንድ በአንድ እያነሣሁ፣ እንደለመድኩት ጮክ ብዬ እየተናገርኩ መለካት ጀመርኩ። መነጽሬ በስደቱ ጠፍቶብኝ ነበር፣ ዓይኔም እንባ ይዟል፤ ማስመሪያው ላይ ያሉትን መስመሮች እንኳ በደንብ አላያቸውም። ሰይድ ከኋላዬ እግሩን እየቀያየረ ይቆማል።

«በቃሽ አሁን» አለኝ በመጨረሻ።

«አንድ ብቻ» ብዬ ሌላ አነሣሁና ቁጥሩን ተናገርኩ።

«ከዓይኑ!» አለ ማሽላው።

ሰይድ «አዑዙ ቢላህ!» ብሎ ወደ ኋላ ሲል ክብሪቱ ከእጁ ወደቀ። እኔ ሽሪምፑን እንደያዝኩ ደረቅሁ።

«ከዓይኑ ጉድጓድ ነው የሚለካው! ከአፍንጫው ማን አስተማረሽ?»

ድምፁ ሻካራ ነው፣ ብዙ ጊዜ ያልተጠቀሙበት። ግን የሳቸው ነው። አገዳው ተከፈለና ወጡ። የማዳበሪያ ከረጢት ለብሰዋል። ፂማቸው እስከ ደረታቸው ወርዷል፣ ጉንጫቸው ገብቷል፣ እግራቸው ከመሬቱ ቀለም አይለይም። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሽሪምፑ ነው የመጡት። ከእጄ ወሰዱት፣ ማስመሪያውን አስተካከሉ፣ ለኩት፣ ቁጥሩን ተናገሩ፣ ወደ ውሃው መለሱት። ከዚያ በኋላ ነው ፊቴን ያዩት።

«እውነት አንቺ ነሽ» አሉ።

«ያን ቀን ስጣራ ለምን ዝም አሉኝ?» እንባዬ ይወርዳል።

«ሰምቼሻለሁ። ሳትኖሪም ስሰማሽ ነው የከረምኩት፤ ‹ጋሽ ኪሮስ፣ እኔ ነኝ› ትይኛለሽ፣ ስወጣ ሰው የለም። ብዙ ጊዜ አታለልሽኝ።» ማስመሪያውን መልሰው ሰጡኝና ጨመሩ፤ «ያቺ የሌለችው ከድጃ ግን ስትለካ ተሳስታ አታውቅም።»

ሰይድ ከሩቅ ሆኖ የሰው እግር መሆኑን እስኪያረጋግጥ እግራቸውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ፣ ከሽርጡም ሥር ያለው ቁምጣ ይበቃኛል ብሎ ሽርጡን ፈትቶ አቀረበላቸው። «አብሽር አባባ፣ አብሽር፤ አልሃምዱሊላህ» ይላል።

ጋሽ ኪሮስ ተደብቀው የነበሩት በኩሬው ማፍሰሻ ቦይ ውስጥ ነው፤ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የሲሚንቶ ቱቦ አለ። መጀመሪያ ሰዎች ሊወስዷቸው ሲመጡ እሳቸው አመለጡ። መንገድ ዳር የወደቀ አንድ ወጣት አግኝተው ፊቱን ጋቢያቸውን አልብሰው አልፈዋል፤ ጋቢው የተገኘው ለዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ተኩሱ አንዴ ከወዲህ አንዴ ከወዲያ ይሰማል።

«ጦርነቱ ካለፈ እኮ ቆየ» አልኳቸው።

«ለኔ ማን ነገረኝ? ከተማውን ማን እንደያዘው ሳላውቅ ማን ነኝ ብዬ ልውጣ?»

የኖሩት በሰይድ ማሽላ ነው፤ ግማሹን ለሽሪምፖቹ እየፈጩ፣ ግማሹን እየቆሉ። ማሽላው ሳይደርስ በፊት በነበረው ረኃብ ግን ሰማያዊዎቹን መብላት ጀመሩ፤ ከዚያም አልተዉም። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸውን አዞሩ። «ቀኑ ጠፍቶብኝ ሁሉንም ቀን ጾም አደረግሁት» አሉ። «ሰማያዊ በያዝኩ ዕለት ብቻ እፈታለሁ። ከትንንሾቹ አንድ አልነካሁም።» ኋላ ለነፍስ አባታቸው ተናዝዘዋል። ካህኑ ራሳቸው በዚያ ክረምት ቅጠል የበሉ ሰው ናቸውና ንስሐ ከመስጠታቸው በፊት ቀስ ብለው «ለመሆኑ ጣዕሙ ምን ይመስላል?» ብለው እንደጠየቋቸው ሲነግሩኝ፣ ከተመለሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ ኪሮስ ሲስቁ አየሁ።

ሰይድ ክብሪቱን አንሥቶ ኪሱ ከተተና በማግሥቱ ማሽላውን በማጭድ አጨደ። ሽሪምፖቹ እንደሚጠበቀው እያነሱ ሄዱ፤ ፓምፑ አልተተካም፣ ሌላ ጫጩትም አልመጣም። የቀሩትን እየለካሁ ጡረታዬ ደረሰ።

ግን ጋሽ ኪሮስን ወደ ዋጃ የወሰድኩበትን ቀን ሳልናገር ብተው ይቆጨኛል። ፂማቸውን ተላጭተው፣ የልጄን ልብስ ለብሰው፣ ባጃጅ ተሳፈርን። ወይዘሮ ምሕረትን አስቀድሜ ሰው ልኬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ እሳቸው ናቸው እንቢ ያሉት። ከአፌ ትስማ እንጂ ወሬ አይቅደመኝ አሉ።

በሩን አንኳኳሁ። እሷው ከፈተች። ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥሎ እሳቸውን። ትጮሃለች ብዬ ልይዛት እጄን ዘርግቼ ነበር። አልጮኸችም። በሩን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ከሌላ አገር እንደተመለሰ ሰው ሳይሆን፣ መመለስ ከማይቻልበት ቦታ እንደመጣ ሰው አየቻቸው።

«ምን ረስተህ መጣህ?» አለች፣ በጣም በቀስታ።

«አንቺን» አሉ።

እጇን አንሥታ በመዳፏ ጀርባ ጉንጫቸውን ነካች። አልጠፉም። ወደ ታች ወርዳ አንገታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ክንዳቸውን ነካች። ከዚያ ራሷ ላይ ያለውን ጥቁር ሻሽ ፈታችው፤ የትከሻዋንም ጥቁር ነጠላ ገፈፈችው። የት እንደምታስቀምጠው ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየችና ለእኔ ሰጠችኝ። እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው፤ በሩም ተዘጋ።

ያን ጥቁር ልብስ ታቅፌ መንገድ ላይ ቆምኩ። ጎረቤቶች በየበራቸው ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ማንም ለመቅረብ አልደፈረም። ከዚያ ከግቢው ውስጥ የአንዲት ሴት ለቅሶ ተነሣ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ «ተይ በቃ፣ ተይ እንጂ ምሕረት» የሚል ሻካራ ድምፅ። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ሞተሩን አስነሥቶ ዞር ብሎ አየኝ።

«እናቴ፣ እንመለስ ወይስ ይጠብቋቸዋል?»

«ጥቂት እንቆይ» አልኩት።